የሶልሻየር ተቀይሮ ማግባት ዕድል ነበር ወይስ ሥራ?

ከዚራ 20፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ሶልሻየር፣ የማንቸስተር ዩናይትድ (ማንቼ) የቀድሞ ኖርዌያዊ አጥቂ፣ ክርክር አለብን፤ በቁጥር የሚያውቅ ይፍረደን። አንዱ ወገን «ሶልሻየር በ1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከባየርን ሙኒክ ጋር ካምፕ ኑ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ኳስ እግሩ ላይ ስለወደቀችለት ነው ስሙ የተጠራው» ይላል። ሌላው «የተቀያሪዎች ንጉሥ እሱ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ሁለተኛ ጥያቄ፦ የሰፈር ቡድናችን ውስጥ ጎል የሚያውቅ ግን ከ25 ደቂቃ በላይ የማይዘልቅ አጥቂ አለ። በድሬ ሙቀት እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ለተቀያሪነት እንዴት ነው የሚያዘጋጁት?

ለገሃሬ ማንቼ፦
አቦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል! (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

በፕሪምየር ሊግ በ235 ጨዋታ 91 ጎል አለው። ተቀይሮ ገብቶ ያገባው 17 ነው። ሰባ አራቱን ያገባው በቋሚነት ተሰልፎ ነው። በ17 ደግሞ ንጉሥ አይሆንም፤ ዴፎ 24፣ ዥሩ 20 አላቸው። በሁሉም ውድድር ለማንቼ 366 ጨዋታ፣ 126 ጎል። ለኖርዌይ 67 ጨዋታ፣ 23 ጎል።

በ1996 ክረምት አጥቂው ሺረር በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ኒውካስል ገባ። ማንቼ የዚያን ገንዘብ አንድ አስረኛ፣ 1.5 ሚሊዮን ከፍሎ ሶልሻየርን ከሞልደ አመጣ። ብላክበርን ላይ መጀመሪያ የገባ ቀን በ6 ደቂቃ ውስጥ አገባ፤ ዓመቱን በሊጉ በ18 ጎል የቡድኑ ቀዳሚ ሆኖ ጨረሰ። ካምፕ ኑ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ ስለዚህ የዕድሉ ወሬ እዚሁ ያበቃል።

በፌብሩዋሪ 1999 ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ በ72ኛው ደቂቃ ዮርክን ቀይሮ ገባ። ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ አራት አስቆጠረ፣ 8 ለ 1። ቋሚ ቢሆንም ባይሆንም አንድ ነው የሚጫወተው ማለት ነው።

ሳቢያን ሜዳ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ።

ሶልሻየር ወንበር ላይ ሆኖ የተቃራኒን ተከላካዮች ያጠና እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህ ለሰፈር ቡድንም ምንም ወጪ የለውም። ልጁ ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ ሦስት ነገር ብቻ ያይ፦ የትኛው ተከላካይ ኳስ ሲሻገር ኳሷን ብቻ እያየ ሰውየውን ይረሳል? የትኛው ቀድሞ ደከመ? በረኛው ኳስ ይይዛል ወይስ ይተፋል? ሲገባ የደከመው ተከላካይ ጎን ይቁም። አሰልጣኙ «ሂድ ግባ» ከሚለው «ምን አየህ?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል።

ሙቀቱን በተመለከተ ብዙ ቡድን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ተቀያሪውን 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ያስሮጡታል፤ ልጁ ሳይገባ ያልቃል። ድሬ ላይ ሰውነት ቶሎ ይሞቃል፣ የሚያልቀው ውሃ ነው። ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ የማትሞላ ውሃ ይጠጣ፤ አንድ ሊትር ባንዴ ከገለበጠ ሆዱ ይንቦጫረቃል። ከመግባቱ 8 ደቂቃ ሲቀረው ይነሳ፤ 4 ደቂቃ ለስለስ ያለ ሶምሶማ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ከዚያ 15 ሜትር አራት ጊዜ ፈጥኖ ይሩጥ፣ የመጨረሻውን በሙሉ ኃይሉ። ከዚያ ወዲያው ይግባ። ዳኛው አዘግይቶት ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆመ ሁለቱን ሩጫ ይድገም።

ልምምዱ ላይ ደግሞ 40 ኳስ በተከታታይ ማስመታት ለተቀያሪ አይጠቅመውም። አርባ ከመታ ሠላሳው ቢገባም አያስገርምም፤ ተቀያሪ ግን የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ኳስ ነው። ስለዚህ 15 ደቂቃ አስቀምጡት፣ አስነሱት፣ ከላይ እንዳልኩት ያሟሙቅ፣ ከዚያ ከመስመር የተሻገሩ ሦስት ኳሶች ብቻ ስጡት። ከሁለት ንክኪ በላይ አይፈቀድም። ውጤቱን ጻፉና ሌላ ነገር ሥሩ። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ ብታደርጉ በወሩ የ24 ኳስ መዝገብ ይኖራችኋል፤ የልጁን እውነተኛ አቅም የሚያሳየው እሱ ነው።

ሌላው፣ ጠጠራም ሜዳ ላይ በመሬት የምትመጣ ኳስ ድንገት ትነጥራለች። እግሩን ወደ ኋላ አርቆ የሚመታ ልጅ ይስታታል ወይም ሰማይ ይሰዳታል። ሶልሻየርን በቪዲዮ እዩት፤ እግሩን ብዙም አያነሳም፣ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ፣ በረኛው ሳይዘጋጅ ይመታል። በሁለቱም እግሩ።

አምስት በር፦
ሐረር ላይ ሙቀቱ ስለማያስቸግረን ከ8 ደቂቃው ላይ 4 ጨምሩበት፤ ነፋስ ሲኖር ተቀያሪው ላይ ሹራብ ይደረብ። በሌላው ሁሉ እስማማለሁ።

ነገር ግን ማንም ያልጠየቀው አለ፦ ልጁ 25 ደቂቃ ብቻ የሚችለው ለምንድን ነው? ትንፋሽ ከሆነ በሩጫ ይስተካከላል። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ሲታጠፍ የሚያመው ከሆነ ግን ተቀያሪ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ያልሞቀ ጉልበት ይዞ በደረቅ መሬት ላይ በሙሉ ፍጥነት መነሳት ይብሳል፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሶልሻየር በሴፕቴምበር 2003 ከፓናቲናይኮስ ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተጎዳ፤ 2004/05ን ሙሉ አልተሰለፈም። በኦገስት 2006 ቻርልተን ላይ ያገባት ከአፕሪል 2003 ወዲህ የመጀመሪያ የሊግ ጎሉ ነበረች። በዚያው የውድድር ዓመት ለስድስተኛ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፣ በኦገስት 2007 በ34 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ያ ሁሉ ሐኪም ኖሮትም ከዚያ አላለፈም።

ከዚራ 20፦
ትንፋሽ ነው፣ ጉልበቱ ደህና ነው። አንዲት ነገር ብቻ፦ ማዕዘን ምት ላይ የት ይቁም?

ለገሃሬ ማንቼ፦
የካምፕ ኑዋን ድገሟት። መጀመሪያ ያችን ማዕዘን ምት ራሱ ሶልሻየር ነው የባየርኑን ተከላካይ ኩፉርን አስጨንቆ ያገኛት፤ ይህን ብዙ ሰው አያስታውስም። ቤካም ከግራ አሻማ፣ ሸሪንግሃም ከፊት በጭንቅላት አሳለፈ፣ ሶልሻየር በረኛው ፊት ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ወደ ላይኛው መረብ ሰደዳት። እናንተም በጭንቅላት ጥሩ የሆነውን ልጅ ቅርቡ የጎል ቋሚ ጋ አቁሙ። አጥቂያችሁ ከጎሉ 5 ሜትር ያህል ርቆ ከተከላካዩ ጀርባ ይጀምርና ኳሷ ከመቺው እግር ስትነሳ ወደ ሩቁ ቋሚ ሁለት እርምጃ ይሂድ። አስቀድሞ ከሮጠ ኳሷ ከኋላው ታልፋለች፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።