የአባላት መግቢያ ገጽ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። አባላት የእድር መዋጯቸውን የሚያዩበት የፐርል ስክሪፕት (በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም) ይታደስ ብለናል። ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው።

የቴክኒክ ክፍል፦ ኮዱን አየሁት፤ ያስደነግጣል። የይለፍ ቃሉን የሚያመሳክረው በ== ነው። ፐርል ላይ == የቁጥር ማነጻጸሪያ ነው። ቃል ሲሰጡት ዜሮ ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ «ጨረቃ» እና «ፀሐይ» ለእሱ እኩል ናቸው! በቃል የተጻፈ የይለፍ ቃል ያለው አባል ገጽ በየትኛውም ሌላ ቃል ይከፈታል ማለት ነው። «ዩዝ ዋርኒንግስ» (use warnings) የሚለው ትእዛዝ ከኮዱ ላይኛው ክፍል ቢጻፍ ኖሮ ፐርል ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። የይለፍ ቃሎቹም እንዳሉ ነው የተቀመጡት። ሃሽ ተደርገው፣ ማለትም ወደ ዋናው ቃል በማይመለስ ኮድ ተቀይረው ይቀመጡ፤ ለዚህ ቢክሪፕት የሚባለው ዘዴ ይበቃናል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የሚያሳስበኝ መልእክቱ ነው። እናቶች ትንሽ ሲሳሳቱ ገጹ የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር በእንግሊዝኛ ይዘረግፍባቸዋል። ደንግጠው እኔ ጋ ይደውላሉ። «ይህ ስልክ አልተመዘገበም»፣ «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ብሎ ለይቶ ቢነግራቸውስ?

የቴክኒክ ክፍል፦ ልክ ነዎት እትዬ፣ ያ ዝርግፍ ዛሬውኑ ይጥፋ። ለይቶ መንገሩ ግን ይቅርብን። ማንም ሰው ስልክ እያስገባ ማን አባል እንደሆነ ያጣራበታል። ለአባሉ አንድ መልእክት ይውጣ፣ ዝርዝሩ ሰርቨሩ ላይ ባለው ሎግ (የክንውን መዝገብ) ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ ግን እዚያም አይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። ብቻ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ይንገራቸው። ደግሞ ሦስቴ ተሳሳታችሁ ተብሎ አይቆለፍባቸው።

የቴክኒክ ክፍል፦ አይቆለፍም። በተሳሳቱ ቁጥር ትንሽ እንዲያስጠብቅ እናደርገዋለን።

አባል፦ ልጆች፣ የይለፍ ቃሌን በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። ይሆናል?

የቴክኒክ ክፍል፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ። ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ባይት (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥባቸው ቁጥሮች) መቀየር አለበት፤ አለዚያ ሃሽ የሚያደርገው የፐርል ትእዛዝ፣ ክሪፕት፣ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ሌላም አለ። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ቢክሪፕት የሚያየው 72 ባይት ብቻ ስለሆነ ከ24 ፊደል በላይ ያለውን አይቆጥርም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሚጽፍ ሰው ይህ ያንሳል። አርጎን2 የሚባለው ሌላ የሃሽ ዘዴ እንዲህ አያጠብም፤ ቢክሪፕት ያልኩትን በእሱ ልቀይር።

ጸሐፊ፦ ተስማምተናል። መልእክቱን እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦ «ስልክ ቁጥሩ ወይም የይለፍ ቃሉ አልተዛመደም። እንደገና ይሞክሩ፤ ከረሱት ‹የይለፍ ቃል ቀይር› የሚለውን ይጫኑ ወይም ለጸሐፊው ይደውሉ።» የ==ን ጉዳይ ጉባኤውን አንጠብቅበትም። እስኪስተካከል ገጹ ዛሬ ማታ ይዘጋ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይዘጋ። መዋጮ ማየት ለሚፈልግ እኔ ከደብተር አነባለሁ።