የተቋረጠ ሁሉ ቀርቷል ማለት ነው? «በማር ላቋርጠው» እና ሲስተም ኮል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሜሞሪን እንዴት እንደሚያስተዳድር በአማርኛ ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው። አንድ ቃል ላይ ቀጥ ብያለሁ። «ሲግናል ሲመጣ ሲስተም ኮሉ ይቋረጣል» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተም ኮል ፕሮግራም ከርነሉን ሥራ እንዲሠራለት የሚጠራበት ጥሪ ነው፤ ሲግናል ደግሞ ለፕሮግራም የሚላክ አጭር ማሳወቂያ። ያነበበልኝ ጓደኛዬ «ታዲያ በዚያው ቀረ ማለት ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ትምህርቱን አቋረጠ ስንል ተወው ማለታችን ነው። ከርነል ውስጥ ግን የተቋረጠው ጥሪ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሠራል። ሌላ ቃል አላችሁ?

መልስ፦
ቃሉን አይጣሉት። «ንግግርዎን በማር ላቋርጠው» እንባባል የለ? እዚያ ላይ የተቋረጠው ሰው ዝም ብሎ አይቀርም። ጣልቃ የገባው ሲጨርስ «እና ምን እያልኩ ነበር» ብሎ ይመለሳል። ማቋረጥ መተውም፣ ለአፍታ ቦታ መልቀቅም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሪድን (የማንበቢያውን ጥሪ) ጠርቶ ከፓይፕ፣ ማለትም ከሌላ ፕሮግራም ዳታ ከሚመጣበት ቧንቧ፣ ዳታ ይጠብቃል እንበል። ምንም አልመጣም፤ ተኝቷል። በዚህ መሃል ሲግናል ይላክለታል። ሲግናሉ መጀመሪያ በእንጥልጥል ይያዛል (ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው፤ ምንም ሳይጨመርበት ልክክ ይላል)። ፕሮግራሙ ከርነል ውስጥ ሳለ «አቤት» አይልም። ሲግናሉን የሚቀበለው ወደ ራሱ ኮድ ሊመለስ ሲል፣ በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከርነሉ ይቀሰቅሰዋል፤ ሪድም 512 ቁጥርን ይዞ ይወጣል። ስሙ ኢ-ሪስታርት-ሲስ ይባላል።

512ን ፕሮግራሙ ፈጽሞ አያየውም። የከርነሉ የውስጥ ቋንቋ ነው፤ በሩ ላይ ይተረጎማል። ሲግናሉን የሚቀበለው ፈንክሽን (የፕሮግራሙ ኮድ ክፍል) ሲመዘገብ ኤስኤ-ሪስታርት፣ ማለትም «የተቋረጠውን ጥሪ ድገመው»፣ ተብሎ ከሆነ፣ ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ጥሪው ይደገማል። ካልተባለ ፕሮግራሙ ኢ-ኢንተር የሚባል ስህተት ይደርሰዋል፤ ቁጥሩ 4 ነው።

«ይደገማል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በኤክስ86-64 (በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ባለው የፕሮሰሰር ዓይነት) ላይ ከርነሉ የትእዛዝ ጠቋሚውን (ቀጥሎ የሚሠራው ትእዛዝ የት እንዳለ የሚያሳየውን) 2 ባይት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሲስኮል የሚባለው ትእዛዝ ርዝመቱ 2 ባይት ስለሆነ። የጥሪውን ቁጥርም ወደ ቦታው ይመልሳል። ፕሮግራሙ ያንኑ ጥሪ ሀ ብሎ ይጠራል፤ መደገሙንም አያውቅም። ይህ ግን ገና ምንም ካልተነበበ ነው። 100 ባይት አንብቦ ከሆነ «100» ብሎ ይመልሳል እንጂ አይደግምም፤ ቢደግም ያነበበው ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ «ዳግም ማስጀመር» አልልም። ስልክ አጥፍቶ ማብራት ይመስላል። «ጥሪውን መድገም» ይበቃል።

ሌላ አባል፦
በማር ላቋርጣችሁና፣ መድገምና መቀጠል እንዳይደባለቁ። ናኖስሊፕን (ፕሮግራም ለተወሰነ ጊዜ የሚተኛበትን ጥሪ) ተመልከቱ። 10 ሰከንድ ልተኛ ያለ ፕሮግራም 7ኛው ላይ «ቁም»፣ ወዲያው ደግሞ «ቀጥል» የሚል ሲግናል ደረሰው። ጥሪው እንዳለ ቢደገም ሌላ 10 ሰከንድ ይተኛል። ከርነሉ ግን የሚነቃበትን ሰዓት መዝግቦ ስለያዘ ለቀሪው 3 ሰከንድ ብቻ ያስተኛዋል። እዚህ ጋ «ካቆመበት መቀጠል» ነው የሚባለው። የውስጥ ኮዱም 516 ነው፤ ከ512 ይለያል።

ጠያቂ፦
ይህ ገብቶኛል፤ እናመሰግናለን። ሜሞሪው ጋ ስመጣ ግን ፔጅ ፎልት አለ፤ ፕሮግራሙ የነካው የሜሞሪ ገጽ ቦታው ላይ ሳይገኝ ሲቀር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ማንንም አልጠራ፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚደገመው?

መልስ፦
ሜሞሪውን የነካው ትእዛዝ ራሱ። ከርነሉ ገጹ እስኪመጣ ሲጠብቅ ገዳይ ያልሆነ ሲግናል ቢደርስ፣ ገጹን ሳያመጣ ሊመለስ የሚችልበት መንገድ አለ። ሲግናሉ ይስተናገዳል፤ ከዚያ ያው ትእዛዝ እንደገና ይሞከራል፤ ገጹ አሁንም ከሌለ እንደገና ፎልት ይሆናል። 512 አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የአድራሻ ክልሉ ቁልፍ ላይ ነው፤ የፕሮግራሙን የሜሞሪ ካርታ ሁለት ሥራ ባንዴ እንዳይለውጠው የሚከላከለው። ቁልፉ እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ኮድ በማንኛውም ሲግናል ነቅቶ ኢ-ኢንተር ቢመልስ፣ ኤምማፕን (የሜሞሪ ክልል የሚጠየቅበትን ጥሪ) የጠራ ፕሮግራም ያልጠበቀው ስህተት ይመጣበታል። የኤምማፕ መመሪያ ኢ-ኢንተርን አይጠቅስማ! ጭራሽ የማይነቃ ከሆነ ደግሞ ሲግናል 9 (ገዳዩ ሲግናል) እንኳ አይሰማውም፤ ተጣብቆ ይቀራል። በ2008 የወጣው ሊኑክስ 2.6.25 መሃል ላይ ያለ ሦስተኛ የእንቅልፍ ዓይነት አመጣ፤ ገዳይ ሲግናል ብቻ የሚቀሰቅሰው። ያኔ ኢ-ኢንተር ቢመለስ ችግር የለውም። ፕሮግራሙ ወደ ራሱ ኮድ ሳይመለስ ስለሚሞት መልሱን የሚያነብ የለም።

ጠያቂ፦
ይህን እንቅልፍ «ተገዳይ እንቅልፍ» ልበለው?

መልስ፦
አይሆንም። እንቅልፉ አይገደልም፤ የሚገደለው ተኚው ነው። «ለሞት ብቻ የሚነቁበት እንቅልፍ» ይበሉት። ይርዘም፤ ግድ የለም።