የዕቅድ ውይይት፦ እንግሊዝኛና የነባር ሕዝቦች ጥናት በአንድ ክፍል

አስተባባሪዋ
ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። በስብሰባው እንደተነጋገርነው ለኮሚኒቲ ኮሌጁ የምናቀርበውን የጋራ ፕሮፖዛል እዚሁ እየተወያየን እንጻፍ። (ቀንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እናድርግ፤ አንባቢው ዲኑ ነውና።)

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሲያትልና አካባቢዋ ባሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች ብዙ ሐበሻ እንግሊዝኛ ይማራል። ወደ እንግሊዝኛ 101 (የመጀመሪያው የኮሌጅ እንግሊዝኛ ኮርስ) ከመሻገሩ በፊት ባለው ደረጃ፣ የቋንቋውን ትምህርት ከነባር አሜሪካውያን (ኔቲቭ አሜሪካን) ጥናት ጋር ያጣመረ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ይከፈት። ሁለት መምህራን አብረው ያስተምሩት። አይቤስት በሚባለው የዋሽንግተን ስቴት ፕሮግራም የቋንቋ መምህርና የሙያ መምህር አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሲሠሩ ቆይተዋል። ስለዚህ የጠየቅነው እንግዳ ነገር አይደለም።

ለምን ይሄ ትምህርት ለሚለኝ፦ በ2015 የወጣው የስቴቱ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካባቢውን ነገዶች ታሪክ እንዲያስተምሩ ያስገድዳል። ልጆቻችን ይማሩታል። እቤት መጥተው ሲጠይቁን ግን የምንመልሰው የለንም። ሐሳብ ስጡበት።

የታሪክ መምህሩ
በጣም ጥሩ ጅምር ነው እህቴ። ግን «ነባር ሕዝቦች» ብለን በደፈናው ከጻፍን የሚጨበጥ ነገር አይኖረውም። ከቆምንበት መሬት እንጀምር።

ጥር 22 ቀን 1855 ከሲያትል በስተሰሜን ባለችው ሙክልቲዮ ላይ በአሜሪካ መንግሥትና በነገዶቹ መካከል የፖይንት ኤልየት ውል ተፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ነገዶች መሪ ሲያትል ነበሩ። ከተማችን የተጠራችው በእሳቸው ስም ነው። ይህችው ከተማ በ1865 ቀጥሮ የሚያኖረው ሰው የሌለው ነባር በውስጧ እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ አወጣች። 20 ዓመት እዚህ ኖረን ይህን የማናውቅ ብዙ ነን።

ቀጥሎ የዓሣው ጉዳይ አለ። ነገዶቹ ያኔ በፈረሟቸው ውሎች መሬታቸውን ሲሰጡ፣ በለመዱት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀዋል። በኋላ ግን የስቴቱ ሰዎች ሲያጠምዱ ያስሯቸው ጀመር። የኒስኳሊ ነገድ ተወላጁ ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር መጀመሪያ ሲታሰሩ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዕድሜያቸው ከ50 ጊዜ በላይ ታስረዋል። በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሎቹን መርምረው፣ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ የነገዶቹ ድርሻ ነው ብለው ፈረዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1979 ፍርዱን በአብዛኛው አጸናው። ለንባብ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ውል አለ፣ ክርክር አለ፣ ፍርድ አለ፣ ሰው አለ።

የእንግሊዝኛ መምህሯ
ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔ የማጥመዱን አንቀጽ የማታ ተማሪዎቼ ጋ ሞክሬዋለሁ። በጣም አጭር ናት። ቆራርጬ ለየቡድኑ ሰጠኋቸው። ጣና ዳር ያደገ አንድ ተማሪ አለኝ፤ ኳርተሩን (የትምህርት ሩብ ዓመቱን) ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቃል አይተነፍስም። እጁን አወጣና «መረባቸውንስ ይወስዱባቸው ነበር?» አለ። አዎ፣ መረብም ጀልባም ይወሰድባቸው ነበር አልኩት። ከዚያ ወዲያ እሱን ዝም ማሰኘት አልተቻለም። መረብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ያለ መረብ የቀረ ቤተሰብ ምን እንደሚበላ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለክፍሉ አስረዳ። የቤት ሥራውንም አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ መጣ። ስለ ምስጋና ቀን ተርኪ ዶሮ ሳስነብባቸው እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰዋስው እንዳይጠፋብን። ተማሪዬ ከፈረቃው ወጥቶ፣ እንቅልፉን ትቶ ነው የሚመጣው። በሳምንት ካለን 5 ሰዓት 3ቱ ለቋንቋው ይጠበቅ ባይ ነኝ።

የቀድሞ ተማሪ
ይቅርታ በመሃል ገብቼ። ክሬዲቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ካልተሻገረ ሰው አይመዘገብም። እኔ አልመዘገብም ነበር።

አስተባባሪዋ
ልክ ነሽ እህቴ። ክሬዲቱ የሚሻገር እንዲሆን በግልጽ እንጠይቃለን። ዲኑ እምቢ ካለ ከ101 ጋር ተጣምሮ ይከፈት እንላለን።

ከኬንት አንድ አባል
እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ ትናንት የመጣን ስደተኞች ነን። የሌላውን ሕዝብ ታሪክ እኛ እናስተምር ማለታችን አያስወቅስም? ደግሞም እንግሊዝኛ እኮ ለነባር ልጆች በፍቅር የመጣ ቋንቋ አይደለም። እዚሁ በቱላሊፕ ነገድ መሬት በነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት የእናታቸውን ቋንቋ ስለተናገሩ ይቀጡ ነበር። ይህን ዘልለን «ኑ እንግሊዝኛን በእናንተ ታሪክ እናስተምር» ካልን ነውር ነው።

የታሪክ መምህሩ
ወንድሜ፣ ይህን ስላነሳህ ተባረክ። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በኮርሱ ውስጥ ይግቡ። ቱላሊፖች ዛሬ የእናት ቋንቋቸውን ሉሹትሲድን ለሕፃናቶቻቸው እያስተማሩ መሆኑም ይነገር፤ ተማሪው ስለ በደሉ ብቻ ሰምቶ እንዳይወጣ።

ማን ያስተምር ለሚለው አቋሜ ግልጽ ነው። የነባር ሕዝቦችን ክፍል የሚያስተምረው ከነገዶቹ የሆነ መምህር ይሁን፣ እንደ ሌላው መምህር ደመወዝ ይከፈለው። በረቂቁ ላይ «እንግዳ ተናጋሪ ይጋበዛል» የሚል አየሁ። ይሰረዝልኝ። በኳርተር አንዴ መጥቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ኮርሱን አይቀርጸውም። ምን ይነበብ፣ ምን ይቅር የሚለውን መወሰን ያለበት እሱ ነው። ፕሮፖዛሉ በዚህ ምክንያት ከወደቀም ይውደቅ።

የእንግሊዝኛ መምህሯ
እስማማለሁ። ግን የቱን ነገድ ነው የምናነጋግረው? ዱዋሚሾች በዌስት ማርጂናል ዌይ በ2009 የከፈቱት ትልቅ አዳራሽ ለኮሌጁ ቅርብ ነው።

የታሪክ መምህሩ
እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዱዋሚሾች የፌዴራል መንግሥት እውቅና የላቸውም። በጥር 2001 የተሰጣቸው በዚያው ዓመት ተሻረ። መክልሹቶችና ሱኳሚሾች እውቅና ያላቸው ነገዶች ናቸው፣ የዱዋሚሽ ዘር ያላቸውም በውስጣቸው አሉ። በጉዳዩ ላይ ክርክር አለ፤ እኛ ዳኛ ሆነን መግባት የለብንም። ለሦስቱም እንጻፍ። የነባር ሕዝቦች ኮሌጅ የሆነውን ኖርዝዌስት ኢንዲያን ኮሌጅንም እንጨምር። ዋናው ግቢ በላሚ ነገድ መሬት ነው፣ መክልሹትም የማስተማሪያ ቦታ አለው። መምህር ለማግኘት ከእኛ ይልቅ እነሱ መንገዱን ያውቁታል።

አስተባባሪዋ
እስካሁን ከተባለው ይህን አንቀጽ አውጥቻለሁ፦

«ማኅበራችን ከመኸር ኳርተር ጀምሮ ባለ 5 ክሬዲት ጥምር ኮርስ በማታው መርሐ ግብር እንዲከፈት ይጠይቃል። በሳምንት 3 ሰዓት ለቋንቋ፣ 2 ሰዓት ለነባር ሕዝቦች ጥናት ይመደባል። ሁለተኛውን ክፍል በሙሉ ደመወዝ የሚያስተምረው ከአካባቢው ነገዶች የተመረጠ መምህር ሲሆን፣ ንባቦቹን የመምረጥም ሥልጣን ይኖረዋል። ክሬዲቱ ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር ይሆናል።»

ተቃውሞ ያለው አሁኑኑ ይናገር፤ ሰኞ ለዲኑ ልልከው ነው።

ከኬንት አንድ አባል
አንቀጹ ጥሩ ነው። ግን ለዲኑ ቀድሞ መሄድ የለበትም። መጀመሪያ ለነገዶቹ የትምህርት ክፍሎች ይላክ። «አንፈልግም» ካሉ ወይም «እንዲህ ቀይሩት» ካሉ ዲኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ይታረማል።

የታሪክ መምህሩ
ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ደብዳቤዎቹን እኔ እጽፋለሁ።

አስተባባሪዋ
እሺ፣ ሰኞ የሚለውን ትቼዋለሁ። ጋሼ ደብዳቤዎቹን ሐሙስ ድረስ ይላኩልኝና መምህርት እንግሊዝኛውን ትመልከተው። መልስ እስኪመጣ ድረስ የዲኑ ፕሮፖዛል እኔ ጋ ይቆያል።