ዕዳ ለሌለበት ሰው ክሬዲት ካርድ ይጠቅመዋል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዓመቱን እኩሌታ በደብረ ብርሃን፣ እኩሌታውን ልጆቼ ባሉበት በሜሪላንድ አሳልፋለሁ። ዕዳ የለብኝም፤ ተቀማጬም ለክፉ ቀን ይበቃል። ገንዘብ እያለኝ በብድር መግዛት ስለማይዋጥልኝ፣ ባንኬ የሰጠኝን ክሬዲት ካርድ ልዘጋው አስቤያለሁ። መያዙ ይጠቅመኛል? ከያዝሁትስ እዚህ ሳለሁ እንዴት ልጠቀምበት?

የባሶና ልጅ፦
ጋሼ፣ ባይዘጉት እመርጣለሁ። በሂሳብ መግለጫው ላይ የሰፈረውን ጠቅላላ ዕዳ እስከ ቀነ ገደቡ በየወሩ ከከፈሉ ለግዢዎ ወለድ አይታሰብም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ ሕግም መግለጫው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀናት ቀድሞ እንዲላክ ያስገድዳል። ባንኩ በየወሩ ቢያንስ ይከፈል የሚለውን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ መክፈል ግን ከመዘግየት ቅጣት ያድናል እንጂ ከወለድ አያድንም፤ የብዙዎቹ ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ በየግዢው የሚሰጡት ጥቂት ሽልማት ያንን አያካክስም። እኛ ዘንድ ኔትወርክ ሲጠፋ ቀኑ እንዳያልፍብዎ፣ ክፍያው ከባንክ ሂሳብዎ በራሱ እንዲቀነስ ይዘዙ፤ ሲያዙም ዝቅተኛውን ሳይሆን ሙሉውን ዕዳ መምረጥዎን ደግመው ያረጋግጡ። ካርዱ ቢሰረቅ ሕጉ ኃላፊነትዎን ቢበዛ በ50 ዶላር ይገድበዋል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚጎድለው የራስዎ ተቀማጭ ነው።

ከደብረ ሲና፦
በቀደመው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም በእኛ አካባቢ ገበያውም ባጃጁም በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ስለሚሠራ፣ ጥንቃቄ የሚያሻው ኤቲኤም ላይ ይመስለኛል። በክሬዲት ካርድ ብር ማውጣት እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሚቆጠር፣ የአገልግሎት ክፍያ ከመቆረጡም በላይ ወለዱ ያለ እፎይታ ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ብር የሚያወጡት በዴቢት ካርድ ይሁን። ክሬዲት ካርዱን ለአዲስ አበባ ሆቴል ሲጠቀሙ ደግሞ በዶላር እናስከፍልዎ ቢሉ በብር ይሁንልኝ ይበሉ፤ የምንዛሬው ተመን በነጋዴው በኩል ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይወደዳልና። አንዳንድ ካርዶች ከአገር ውጭ ለሚፈጸም ክፍያ እስከ 3 በመቶ ስለሚጨምሩ ውሉን አስቀድመው ይመልከቱ።

ታዛቢ፦
እኔ በከፊል እለያለሁ። ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ካለው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚጠቀም ሰው አያዋጣም፤ ባንኩን ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁት። ሜሪላንድ ላይ ቤት መከራየት ቢያስፈልግዎ አከራዩ የብድር ታሪክዎን፣ ማለትም ዕዳዎን እንዴት እንደከፈሉ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ሊመለከት ስለሚችል፣ የቆየ ሂሳብ ክፍት መሆኑ ይረዳል።

ጠያቂ፦
ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ፤ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። እዚህ ስቆይ ሳልጠቀምበት ብከርምስ?

የባሶና ልጅ፦
ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ካርድን ባንኩ በራሱ ሊዘጋው ይችላል። የአሜሪካ ስልክዎ ወርሃዊ ሂሳብ በእሱ እንዲከፈል ቢያደርጉ ይበቃል።