«እኔ ምን ቤት ነኝ?» ስለ ኬራቲን የተነሳ ክርክር

ሚዶ፦
አንዲት ፀጉር ሰሪ ስለ ዘንድሮ ፋሽንና ስለምትወዳቸው ምርቶች ስትናገር ሰማሁ። ብዙው ጥሩ ነበር። አጭር ቦብ ተመልሷል አለች። ከርዳዳ ፀጉር በደረቁ ይቆረጥ አለች፣ ልክ ናት። ሲረጥብ ይሳብና ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ በእርጥቡ የተቆረጠ ፀጉር ቤት ሲደረስ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ከዚያ ኬራቲን ተነሳ፣ ክሬም ቀብቶ በሙቀት ፀጉር ማለስለሱ ማለት ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል ይባላል ተብላ ተጠየቀች። መልሷ ይሄ ነው፦ «ጠርሙሱ ላይ ፎርማሊን የለበትም ተብሎ ተጽፏል። ደንበኛዋም ፈልጋ ነው የመጣችው። እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ከሰማሁ ጀምሮ ይህች አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሰርቻለሁ። ሁለተኛው ላይ ዓይኔ ሲያነባ የምትሰራኝ ልጅ ዓይንም ያነባ ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። እንዲህ ዓይነት መልስ ከባለሙያ ስሰማ ያናድደኛል።

መቀስ በእጄ፦
ሚዶ፣ ሳሎን ውስጥ ቆመሽ ሰርተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። ደንበኛ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኛለች። «እንደዚህ አድርጊልኝ» ትላለች። ፀጉርሽ አይችለውም ስላት ቅር ይላታል። ተነስታ ሌላ ቤት ትሄዳለች። እዚያ ምንም ሳይጠይቁ ይሰሩላታል። ልጅቷ «ምን ቤት ነኝ» ያለችው ከጭካኔ አይደለም። ጠርሙሱን የሞላችው እሷ አይደለችም። ጽሑፉንም አልጻፈችውም። እናንተ ግን አምራቹን ትታችሁ እሷ ላይ ወረዳችሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ላብራቶሪ፦
ነገሩ ሁሉ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነውና እሱን ላንሳ። ፎርማልዴሃይድ ጋዝ ነው፤ ፎርማሊን የሚባለው እሱ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከውሃው ጋር ተጣምሮ ሜቲሊን ግላይኮል ይሆናል። አንዳንድ አምራች ይህን ስም ይዞ «ፎርማልዴሃይድ የለበትም» ብሎ ይጽፋል። ክሬሙ ተቀብቶ ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻ) ሲያርፍበት ግን ጋዙ ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ፔስትራው እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት «የለበትም» የተባለ አንድ ምርት አስመረመረ። በአማካይ ከ8 በመቶ በላይ ፎርማልዴሃይድ ተገኘበት። በሚቀጥለው ዓመት የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለሳሎኖች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ከዚያ ቀደም ብሎ ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል።

የኦሪገኑ ምርመራ እንዴት እንደተጀመረ ልብ በሉ። አፍንጫ መድማት፣ ዓይን ማቃጠል፣ ትንፋሽ ማጠር አለብን ብለው ያመለከቱት የሳሎን ሠራተኞች ናቸው። ደንበኞች አይደሉም።

ሚዶ፦
አያችሁ? እነዚያ ሴቶች «እኔ ምን ቤት ነኝ» አላሉም። መቀስ፣ ደንበኛዋ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ብትሰራ ነው። ጭሱን ቀኑን ሙሉ የምትስበው ሠሪዋ ናት። ምን ቤት ነኝ ትላለች እንዴ? ቤቱማ እሷ ናት!

መቀስ በእጄ፦
ቤቱ እኔ ከሆንኩ ኪራዩንም አንቺ ክፈይልኝ።

ዓይኔ እንደሚያቃጥል አላውቅም? ጉሮሮዬ ሲከረክር ያደረውን ሌሊት አንቺ ትነግሪኛለሽ? ድሮ የሠራሁበት ቤት ባለቤት መስኮት አታስከፍትም ነበር። አየር ከገባ ክሬሙ በደንብ አይዝም፣ ሽታውም ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው ያባርራል ትላለች። ማስክ ሳደርግም ደንበኛ ታስፈሪያለሽ አለችኝ። የቀጣሪ እጅ ላይ ያለ ሰው «እኔ ምን ቤት ነኝ» ሲል ትክክለኛ ትርጉሙ «ማን ይሰማኛል» ነው። እናንተ ቃሏን ሰማችሁ፣ ኑሮዋን አልሰማችሁም።

ፍሪዝ ነኝ፦
ሁላችሁም ጭሱ ላይ ተጣላችሁ። ዋናው ጥያቄ ለምን ይለሰልሳል የሚለው ነው። ከርዳዳ ፀጉር በሽታ ነው እንዴ ሕክምና የሚፈልገው? «ትሪትመንት» የሚለው ስም ራሱ ስድብ ነው። ሴት ልጅ ገና በጨቅላነቷ ፀጉርሽ አስቸጋሪ ነው እየተባለች ታድጋለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ አለስልሺው ትባላለች። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ሰው በተፈጥሮ ፀጉሩ ወይም በሹሩባው ምክንያት እንዳይገለል ሕግ ያወጣው በከንቱ አይደለም። እኔ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ጤነኛ ነው፣ እኔም ነፃ ነኝ።

መቀስ በእጄ፦
እንኳን ደስ አለሽ። ግን ናቹራል የሆነ ሁሉ ጤነኛ ነው አትበይን። ከኬሚካል ይልቅ ጥብቅ ብሎ በተሠራ ሹሩባ ግንባሯ የሸሸ ልጅ ነው እኔ ጋ የሚበዛው። ሹሩባው ሲያልቅ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ወጥቶ፣ «ሲጠብቅ ነው የሚቆየው» ብላ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ከባድ ሂውማን ሄር ትጨምርበታለች። መሳሳቱ ገና ሲጀምር ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከተሳበ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ይሄም ያለ አንድ ጠብታ ኬሚካል ነው።

ፍሪዝ ነኝ፦
እኔ ጥብቅ ሹሩባ ይሠራ አልኩ? ያላልኩትን አፌ ላይ አታስቀምጪ።

መቀስ በእጄ፦
«ነፃ ነኝ» አልሽ። የተለሰለሰች ሁሉ እስረኛ ናት ማለትሽ ነው። እኔ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሴት ፀጉሯን ስለጠላች ብቻ አይደለም የምትመጣው። ጠዋት ሁለት ልጅ አልብሳ ሥራ የምትሮጥ አለች። ቀለለኝ ትላለች። እሷንም አክብሪያት።

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሪላክሰር፣ ያንን ከርዳዳ ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል፣ ተጠቅሜያለሁ። ራሴ ስንቴ ተቃጥሎ ቅርፊት እንደያዘ አልቆጥረውም። ከመቀባቱ በፊት ራስሽን አትከኪ፣ በዚያው ቀንም አትታጠቢ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ለልጄም «ለሕፃናት የተዘጋጀ፣ የማያቃጥል» የሚለውን ገዛሁላት። እሷንም አቃጠላት። አልቅሳ አስለቀሰችኝ። ያኔ የሠራቻት ልጅ «እቃው ላይ እንዲህ ነው የሚለው» አለችኝ። ስለዚህ ሚዶ የተናደደችበት ነገር ገብቶኛል። አሁን ደግሞ ሪላክሰር የማህፀን ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል ሲባል ሰማሁ። ለልጄ ምን ልበላት?

ላብራቶሪ፦
እናቴ፣ እርስዎ የሰሙት ከአንድ ትልቅ ጥናት የመጣ ነው። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ግን ከጥናቱ ይበልጣል። በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶች ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለዋል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመካከሉ 378 ሴቶች በማህፀን ካንሰር ተያዙ። ማለስለሻ ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ደግሞ 4.05 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ አልፈረደም። ሴቶቹ የትኛውን ምርት እንደተጠቀሙም አልተመዘገበም። ሪላክሰርና ኬራቲን አንድ ላይ ነው የተቆጠሩት። ለልጅዎ የሚሉት፣ በተደጋጋሚ መጠቀም ጥሩ ምልክት አላሳየም፣ ብትተዪው ይሻላል ነው።

«የማያቃጥል» የተባለው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። አንደኛው ሪላክሰር በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራል። «ለስላሳ» የሚባለው ያንን ትቶ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድና በጓኒዲን ይሠራል። ፒኤቹ (የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ መለኪያ) በሁለቱም ብዙ ጊዜ ከ12 በላይ ነው። ጤነኛ የራስ ቆዳ 5.5 አካባቢ ነው። ስሙ ተለወጠ እንጂ ማቃጠሉ አልቀረም።

ሚዶ፦
እናታችን የተናገሩትን አነበባችሁ? «እቃው ላይ እንዲህ ነው የሚለው።» ይሄ ከ«እኔ ምን ቤት ነኝ» በምን ይለያል? አንድ ነው። የሕፃን ልጅ ራስ ሲቃጠልም ጽሑፉ ነው የሚጠቀሰው!

መቀስ በእጄ፦
ይለያል። ልጅ ላይ ሪላክሰር አልቀባም። ቀብቼም አላውቅም። ከሁሉም ጋር አንድ ላይ አትፍጪኝ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
እኔ ወንድ ነኝ፣ ብዙም አይገባኝም። ግን ቤታችን ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ አለ። «የተጎዳ ፀጉርን ከሥሩ የሚያድስ»፣ «የተሰነጠቀ ጫፍ የሚገጥም»፣ ሌላም ሌላም። እነዚህስ እውነት ናቸው? ወይስ እነሱም ጽሑፍ ብቻ ናቸው?

ፍሪዝ ነኝ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ስለ ሴቶች ጤና ነው የምናወራው። መደርደሪያህን ሌላ ጊዜ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
መደርደሪያው የባለቤቴ ነው። ጤናዋም ያገባኛል።

መቀስ በእጄ፦
ተይው ይጠይቅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወንድሜ፣ ከራስ ቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም። እንደ ጥፍር ነው። ጫፉ አንዴ ከተሰነጠቀ ለዘላቂው የሚገጥመው ቅባት የለም። ሲሊኮን ያለበት ኮንዲሽነር ይሸፍነዋል፣ ያብለጨልጨዋል። ሁለቴ ሲታጠብ ይመለሳል። መፍትሔው መቀስ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ እያለ ያድጋል፣ ስለዚህ ቆርጦ መታገስ ነው። የኮኮናት ዘይት ከመታጠብ በፊት ቢቀባ ፀጉሩ ፕሮቲን እንዳያጣ በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ይሄ ተሞክሮ የታየ ነው። ግን አያሳድግም። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ደግሞ ጤና ነው። ማበጠሪያው ላይ አይታችሁ አትደንግጡ። ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። የምሸጠው ምርት ይቅርብኝ እላለሁ።

ሚዶ፦
መቀስ፣ እዚህ ላይ ያዝኩሽ። በክፋት አይደለም። ሻምፖው ላይ የተጻፈው ውሸት መሆኑን ለደንበኛሽ ትነግሪያታለሽ። መሸጥሽ እስኪቀር ድረስ ትነግሪያታለሽ። ታዲያ ኬራቲኑ ላይ የተጻፈውን ለምን አትነግሪያትም? ሻምፖው ላይ ቤትሽ ነው፣ ኬራቲኑ ላይ ምን ቤት ነሽ?

መቀስ በእጄ፦
ሻምፖ ባትገዛ የማጣው ትንሽ ነው። ኬራቲን ግን ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፣ የወሩ ትልቁ ገቢ እሱ ነው። ሐቁን ልንገርሽ ብዬ ነው። አላፍርበትም። በዚያ ላይ አሁን የምንጠቀመው አዲሱ ነው፣ ፎርማሊን በእውነት የሌለበት። በግላዮክሲሊክ አሲድ የሚሠራው።

ላብራቶሪ፦
መቀስ፣ እሱንም ተጠንቀቂው። ግላዮክሲሊክ አሲድ በፔስትራ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ ሊያወጣ ይችላል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐኪሞች የአንዲት የ26 ዓመት ሴት ታሪክ አሳትመዋል። በተለያዩ ሦስት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተሠራች። ሦስቱንም ጊዜ ራሷ ተቃጠለ፣ አስመለሳት፣ ጀርባዋን አመማት፣ ኩላሊቷ ተጎዳ። ክሬሙ ውስጥ የተገኘው ግላዮክሲሊክ አሲድ ነው። ሐኪሞቹ አይጥ ላይ ሲሞክሩት የኩላሊት ጉዳቱ ታየ። የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ሁሉም ላይ ይደርሳል አልልም። «በእውነት የሌለበት» የምትይውን ግን እኔ አልደፍረውም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሦስቴ? ሦስቴ ተመልሳ ስትሠራ ማንም አልጠየቃትም?

ሚዶ፦
እኔም የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። አንድ ሠሪ «ባለፈው ምን ሆነሽ ነበር?» ብላ ብትጠይቃት ኖሮስ? ፀጉር ቀለም ሲቀባ ከ48 ሰዓት በፊት ቆዳ ላይ ይሞከር ይባላል። ለምን ይባላል? ሠሪዋ ቤቷ ስለሆነ ነው።

መቀስ በእጄ፦
ስንቶች ሳሎኖች 48 ሰዓት ይጠብቃሉ? ደንበኛዋስ ሁለት ቀን ቀድማ ትመጣለች? የምትሏት ሠሪ ጊዜ ያላት፣ ቀጣሪ የሌላት፣ ተፎካካሪ የሌላት ሠሪ ናት። አላውቃትም።

ላብራቶሪ፦
ለዚህ እኮ ነው ሕግ የሚያስፈልገው። ሠሪዋ ብቻዋን እምቢ ብትል ደንበኛዋ ሌላ ቤት ትሄዳለች ብለሻል፣ እውነት ነው። ምርቱ ለሁሉም ከተከለከለ ግን የምትሄድበት ሌላ ቤት የለም። እምቢታው አንቺን አያከስርሽም።

ፍሪዝ ነኝ፦
ሕግ እስኪወጣ ስንት ሳንባ ይቃጠላል? እምቢ ማለት ከዛሬ ይጀመራል።

መቀስ በእጄ፦
በሰው ኪስ እምቢ ማለት ቀላል ነው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ኬራቲን ናት። ቀጠሮ ከያዘች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ሠርግ አለባት።

ሚዶ፦
ትነግሪያታለሽ?

መቀስ በእጄ፦
ላብራቶሪ የጻፈውን አነብላታለሁ። ባለፈው ምን እንደተሰማትም እጠይቃታለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ከፈለገች እሠራላታለሁ።

ሚዶ፦
መስኮቱስ?

መቀስ በእጄ፦
አሁን ያለሁበት ቤት መስኮቱ ይከፈታል። ማስክም አደርጋለሁ። ለእሷም እሰጣታለሁ።

ፍሪዝ ነኝ፦
ማስክ ሰጥቶ ፀጉር መሥራት! ማስክ የሚያስፈልገው ነገር ሰው ራስ ላይ ለምን ይቀባል?

መቀስ በእጄ፦
እሱን ለእሷ ንገሪያት። ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች።