ጥቆማ፦ ለገበያ የሚሆን ጊሽጣ የትኛው ዝርያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አርባ ምንጭ አካባቢ መስኖ የሚደርሰው መሬት አለን፤ ከሙዙ ጎን ጊሽጣ ልንተክል ነው፤ ለጓሮ ሳይሆን ለገበያ። ከበላነው ፍሬ ዘር እንዝራ ወይስ የውጭ ዝርያ እንፈልግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘሩን ተወው። ከዘር የበቀለ ዛፍ ከዛፍ ይለያያል፤ ነጋዴ ደግሞ ወጥ ፍሬ ነው የሚፈልገው። ውጭ አገር ለገበያ በብዛት ከሚተከሉት አንዱ አቴሞያ ነው፤ የቼሪሞያ (የጊሽጣ ዘመድ ነው) እና የጎርባጣው ጊሽጣ (ሹገር አፕል) ድቅል፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ፍሎሪዳ ውስጥ የተዳቀለ።

ዝርያ ከመምረጥህ በፊት ግን አበባውን እወቀው። መጀመሪያ ሴቴ ነው፣ በኋላ ወንዴ ይሆናል፤ ስለዚህ ራሱን ማዳቀል ይቸግረዋል። ሥራውን የሚሠሩለት ንቦች ሳይሆኑ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። እነሱ ካነሱ፣ ከወንዴው አበባ ብናኝ ሰብስቦ ከንፈሩን መክፈት ለጀመረው ሴቴ አበባ በብሩሽ መቀባት ነው። ይህን ለሙሉ እርሻ አስበው፤ የቀን ሠራተኛ ሒሳቡ ብቻውን ያስፈራል። ደረቅ ሙቀትም አበባውን ያደርቀዋል፤ ሙዙ ጥላና እርጥበት ከሰጠው ጥሩ ነው።

ለዚህ ነው ከአቴሞያ ዝርያዎች ፒንክስ ማሞዝን የማልመክርህ። ፍሬው ግዙፍና ጣፋጭ ነው፤ ግን ለማፍራት ይዘገያል፣ ብሩሽም ይፈልጋል። አፍሪካን ፕራይድ ቶሎና በብዛት ያፈራል፤ ሥጋው ውስጥ ግን እንጨት የመሰለ ጓል ይወጣበታል፤ አንዴ የነከሰው ደንበኛ አይመለስም። ኬጄ ፒንክስ አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘ የፒንክስ ማሞዝ ወገን ሲሆን ያለ ብሩሽ ደህና ይይዛል። የእኔ ምርጫ የእስራኤሉ ጌፍነር ነው፤ ያለ ሰው እጅ ያፈራል፣ ጣዕሙም አያሳፍርም።

ሌላ መልስ፦ በጌፍነር እስማማለሁ። ግን ከእስራኤል የሚመጣ ዘመድ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዞ እንዲገባ እንዳታደርጉ! ያለ ፈቃድና ያለ ኳራንቲን አይሆንም፤ መጀመሪያ ግብርና ባለሥልጣንን ጠይቁ። እዚሁ ግራፍት የተደረገ (የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀበት) ችግኝ ካገኛችሁ፣ ሻጩን እናት ዛፉን አሳየኝ በሉት፤ ሩትስቶኩንም፣ ማለትም ሥር የሆነው ተክል ምን እንደሆነ፣ ጠይቁ። ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ያለበት መሬት ከሆነ የቼሪሞያ ሥር ከጎርባጣው ጊሽጣ ይሻላል። «የውጭ ነው» ብቻ የሚል ሻጭ ጋር አትቆዩ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። መግረዙስ?

መልስ፦ እምቡጡ የሚደበቀው ቅጠሉ እግር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ካልተነሳ አይወጣም። ስትገርዙ ከቀረው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጥቂት ቅጠል በእጅ አንሱ። ፍሬውን ደግሞ ሳይለሰልስ ለቅሙት፤ ፍሪጅ አታስገቡት፣ ቆዳው ይጠቁራል።