የዕቅድ ውይይት፦ ለአዋቂዎች የቁርአን ትምህርት ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ይቅደም ወይስ ፍቺው?

ጸሐፊው፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጀመዓ። ለመስጂዱ ኮሚቴ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው፦ «ከመስከረም ጀምሮ ለአዋቂዎች የሁለት ዓመት የነሕው ትምህርት ይሰጥ፤ ተፍሲር (የቁርአን ማብራሪያ) ከዚያ በኋላ ይጀመር።» ሱረቱ ዩሱፍ (የዩሱፍ ምዕራፍ) 2ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ ቁርአኑ ዐረብኛ ሆኖ የወረደው እንድንረዳው እንደሆነ ተነግሯል፤ መነሻዬ እሱ ነው። እስከ ሐሙስ ሐሳብ ስጡበት።

የሴቶች ተጠሪ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። ሁለት ዓመት? እኔ ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዐረብኛው አፌ ላይ ነው፤ እገዛበታለሁ፣ እጨቃጨቅበታለሁ። ተራዊህ (የረመዷን የሌሊት ሶላት) ስቆም ግን ኢማሙ ከሚቀራው የምይዘው እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ነበር። የማድ ቤት ዐረብኛና የቁርአን ዐረብኛ ለየቅል ነው። እናቴ ደግሞ ጭራሽ አታውቅም፤ ፋቲሃን፣ የቁርአኑን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ግን በፈርድ (በግዴታ) ሶላት ብቻ በቀን 17 ጊዜ ትቀራለች። ባለፈው ረመዷን «ኢያከ ነዕቡዱ» ማለት «አንተን ብቻ እንገዛለን» ማለት ነው ብላት ዝም ብላ ቆየችና «ይኼን ሁሉ ዘመን ይኼን ስለው ነው የኖርኩት?» አለችኝ። እሷን ነሕው ጨርሰሽ ነይ ልበላት?

ሐጂ፦ እውነትሽን ነው ልጄ። እኛም ወሎ ስንቀራ ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ይዘን ከአሊፍ ጀምረን ቁርአኑን አኸተምን (ቀርተን ጨረስን)፤ ፍቺ የሚባል አልነበረም። ኪታብ ቤት (የሃይማኖት መጻሕፍት የሚቀሩበት) ገብተን ፊቅሁን (የሃይማኖቱን ሕግ)፣ ነሕውን አልፈን ነው ተፍሲር የደረስነው። ያኔም ሸኻችን ጀላለይን የሚባለውን የተፍሲር ኪታብ በዐረብኛ ያነቡና ቃል በቃል ባማርኛ ይፈቱልን ነበር። ስንቱ ደረሳ (ተማሪ) ግን እዚያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ! ይኸ ረቂቅ ያንኑ መንገድ ነው የያዘው፤ ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው አይዘልቀውም።

የወጣቶች ተወካይ፦ እንግዲያው ዐረብኛው ለምን አስፈለገ? ከ1961 ጀምሮ የታተመ የአማርኛ ትርጉም አለ፣ ስልካችን ላይም አለ። ሰዉ ያንብበው።

ኡስታዝ፦ ያንብበው፣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ላሳይህ። ሱረቱል በቀራ 228ኛው አያ የተፈታች ሴት ሦስት «ቁሩእ» ትጠብቅ ይላል። ቃሉ በዐረብኛ የወር አበባም ይሆናል፣ ከወር አበባ መጥራትም ይሆናል። ከፊቅህ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) ሐነፊዮች የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሻፊዒዮች ሁለተኛውን። ዒዳዋ (እንደገና ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ) መቼ እንደሚያልቅ የሚወሰነው በዚች ቃል ነው። ተርጓሚው ወይ አንዱን መርጦ ይጽፋል፣ ወይ ቃሏን እንዳለች ይተዋታል። የመረጠውን ብቻ ያነበበ ሰው ሌላ ሐሳብ መኖሩንም አያውቅ። ስለዚህ ጀመዓው ውስጥ ዞሮ ዐረብኛውን የሚያይ ሰው መጥፋት የለበትም፤ ሁሉም ሰው ይሁን ግን አልልም።

ደግሞ ዐረብ መሆን ብቻውን አይበቃም። ኢብኑ ዐባስ፣ ያ የተፍሲር ሊቅ፣ «ፋጢር» የሚለው ቃል አልገባኝም ነበር ማለታቸው ይወራል። ሁለት የበረሃ ዐረቦች በውሃ ጉድጓድ ተካሰው ሲመጡ አንደኛው «አነ ፈጠርቱሃ»፣ መጀመሪያ የቆፈርኳት እኔ ነኝ፣ ሲል ነው የተገለጠላቸው። እንግዲህ ለቁረይሹ፣ ለዐረቡ ኢብኑ ዐባስ፣ የከበደውን ቃል የእኅታችን እናት «ፈጣሪዬ» ስትል ትውላለች!

የሴቶች ተጠሪ፦ ሱብሓነላህ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ኡስታዝ፦ ንገሪያት። ሱረቱ ዩሱፍ ላይም ልጁ በሕልሙ ያየው «አሐደ ዐሸረ ከውከበን» ነው፣ አሥራ አንድ ኮከብ። ነፍስ፣ ሰማይ፣ ሞት፣ ቤት፣ ዓይን፣ ደም፣ ሁሉም ከዐረብኛው ጋር ጎረቤት ቃል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከባዶ አይጀምርም፤ ማስተማሪያችን ከዚህ ቢነሳ ሰው አይሸሽም።

ጸሐፊው፦ እሺ፣ ተረታሁ። እንዲህ ላስተካክለው፦ «ፋቲሃና ከዱሓ እስከ ናስ ያሉት ሱራዎች ለአንድ ዓመት ቃል በቃል ባማርኛ ይፈቱ። ነሕው ለፈለገ ብቻ፣ ጎን ለጎን ይሰጥ። ከወጣቶቹ ሁለቱ ኪታብ ቤት ገብተው እንዲዘልቁ ማኅበሩ ወጪያቸውን ይሸፍን።»

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለት አንችልም። አንድ በሉ፣ የዓመቱን ደግሞ ቀድመን እንያዝ፤ ልጁ መሀል ላይ ቀለብ እንዳይቋረጥበት።

ሐጂ፦ ሁለተኛው በእኔና በልጆቼ ይሁን።

ጸሐፊው፦ ጀዛኩሙላህ ኸይር ሐጂ፣ «ሁለት» ብዬ ተውኩት። የቀረን ሰዓቱ ነው። ኡስታዝ በመግሪብና በኢሻ (በሁለቱ የማታ ሶላቶች) መሀል ይመቸኛል ብለዋል።

የሴቶች ተጠሪ፦ እሱ እራት የሚሠራበት ሰዓት ነው። እሑድ ጧት ይሁን፤ ካልሆነ እናቶቹን ከረቂቁ ሰርዟቸው።